የልቧ ወረቀትና የማኅበሩ ጽዋ

የባለቤቴን ልብ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ያየሁት ነፋስ ስልክ በነበረች አንዲት የግል ክሊኒክ ነው። የሄድነው ግፊቷን ልትለካ ነበር። ሐኪሙ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አሳርፎ ዝም አለ። ቦታ ቀየረና እንደገና አዳመጠ። እኔ ደግሞ ሐኪም ዝም ሲል አልወድም።

«ምንድነው እሱ?» አልኩት።

«ድምፅ አለው። ደም ከልብ ሲወጣ የሚያልፍበት በር አለ፣ እሱ ጠበብ ብሏል።»

ከዚያ ጎን ካለው ክፍል አስገቧት። አንዲት ባለሙያ ደረቷንና እጅ እግሯን በሽቦ አያያዘቻት። «እናቴ፣ የአንገትዎን ያውልቁልኝ» ብትላት፣ «ማተቤን? አንገቴን ቆርጠሽ ውሰጂው» አለቻት። ልጅቱ ሳቀችና ማተቡን ገለል አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች። ማሽኑ እየተንጫረረ ወረቀት ተፋ። ሮዝ ወረቀት ነው፣ ትንንሽ ካሬ ካሬ የተሰመረበት፣ በላዩ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ ገባ እያለ ይሄዳል።

ሐኪሙ መነጽሩን አድርጎ አየው። «ጡንቻው ትንሽ ወፍሯል፣ በጠባብ በር ሲገፋ ስለሚውል ነው» አለ። «ሽቦው ግን ደህና ነው። ልብም እንደ ቤት የራሱ የመብራት መስመር አለው። ይሄን ወረቀት እንዳትጥሉት። ወደፊት ሌላ ሲነሱ ሐኪሙ ከዚህ ጋር ያስተያየዋል። አዲስ ነገር ከታየበት፣ ልቧ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው።»

እንዳይጠፋ የተባለ ነገር እንዴት እንደሚያዝ እኔ አውቃለሁ። የቤታችን ውል፣ የጋብቻ ወረቀታችን፣ ከመሠረተ ትምህርት ያገኘሁት ምስክር ወረቀት፣ ሁሉም ላሚኔት ተደርገው ነው የተቀመጡት። በዚያው ቀን ጀሞ ታክሲ ተራው ጋ ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድን። እዚያ የምትሠራው ልጅ ወረቀቱን በላስቲክ መሃል አድርጋ ማሽኑ ውስጥ ሰደደችው። በአንዱ በኩል ሮዝ ሆኖ ገባ፣ በሌላው በኩል ከሰል ሆኖ ወጣ።

«ምን አደረግሽው!» ብዬ ጮህኩባት።

«አባባ፣ በማርያም፣ ምንም አላደረግኩም! ሁልጊዜ እንደማደርገው ነው!»

ባለቤቴ ግን ሳቋ ነው የመጣው። ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። «ተዋት እባክህ፣ ወረቀቱ እንጂ ልቤ አልጠቆረ» አለችኝ።

ያ ወረቀት በሙቀት የሚጻፍ ነው አሉ፣ ሙቀት ሲያገኘው ሁለመናው ይጠቁራል። ያኔ ይሄን የነገረን ሰው የለም። ተመልሰን ሌላ እናስነሳ ብላት፣ «ደህና ነው የተባለ ልብ ስንቴ ይነሳል?» ብላ እምቢ አለች። ጥቁሩን ላስቲክ ከሌሎቹ ጋር ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም፣ ዋጋ የተከፈለበት ነገር ስለሆነ ይሆናል። ክሊኒኳም ትንሽ ቆይታ መንገድ ሲሰፋ ፈረሰች። ሐኪሙ የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ቤታችን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕጣው የወጣልን ጊዜ እልል ያለችው እሷ ናት። ልጆቻችን ትዳር ይዘው ክፍለ ሀገር ገብተዋል፣ ሁለታችን ነን የቀረነው። አሳንሰር የሚባል ነገር የለውም። ባለፈው ዓመት ደረጃው መሃል ላይ መቆም ጀመረች። አንድ ቀን ነጠላዋን ልታስተካክል ትቆማለች፣ ሌላ ቀን የሁለተኛ ፎቋን ጎረቤት «ልጅሽ እንዴት ናት?» ልትል ትቆማለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ደክሞሻል» እላታለሁ።

«አንተስ ስትወጣ የምታለከልከው ለራስህ አይሰማህም?»

ማለከለኩን አለከልካለሁ። ግን እኔ ቤት ገብቼ ስቀመጥ ይለቀኛል። እሷን አይለቃትም ነበር።

በፍልሰታ ጾም ማድ ቤት ውስጥ ወደቀች። «ባዶ ሆዴን ስለቆምኩ ነው» አለች፣ እኔም ተቀበልኩ። ጾሙ ተፈታ፣ በላች፣ ጠጣች፣ አዲስ ዓመትም ገባ። ከዚያ አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከፊቴ እየሄደች ነው። መጀመሪያ ጎመን የያዘው ፌስታል ወደቀ። ከዚያ እሷ። አልተንሸራተተችም፣ አልተደናቀፈችም። የቆመች ሰው እንደ መብራት ጠፋች። ፊቷ አመድ ሆነ። በስሟ ጠራኋት፣ አልሰማችም። እንደገና ጠራኋት። ዓይኗን ስትገልጥ ያለችኝ «ጎመኑን አንሳ» ነው።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ ቀን፣ ትልቁ ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። አልሄድም ብላ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ ካልተነሳሽ አልንቀሳቀስም አልኳት። ወረፋው ብዙ ነው። ተራችን ሲደርስ ያገኘናት ሐኪም የልጅ ልጃችን ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ወረቀት አስነሳቻት። የወጣውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጣቷ እያሳየች ነገረችን።

«ይሄ ከፍ ከፍ ያለው ጡንቻው በጣም መወፈሩን ነው የሚያሳየው። ይሄ ጭራው ወደ ታች የተቆለመመው ልቡ እየተጨነቀ መሆኑን። ይሄ ሰፋ ያለው ግን ከሁሉ ያሳስበኛል። ወደ ግራ የልብ ክፍል የሚሄደው ሽቦ ተዘግቷል። ከላይ ወደ ታች የሚሄደውም መልእክት እየዘገየ ነው።»

«ምን ዘጋው?» አልኳት።

«በሩ ላይ የተጋገረው ነው። እንደ ኖራ ያለ ነገር ነው፣ እየጠነከረ ይሄዳል። ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው በሩ ሥር ነው።»

እኔ ግንበኛ ነበርኩ። ኖራ ሲጠነክር ምን እንደሚመስል ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም።

«የድሮ ኢሲጂ አላችሁ?» አለች። «ይሄ ነገር አዲስ ይሁን ድሮም የነበረ ማወቅ አለብኝ።»

ከሻንጣው ይዤው የመጣሁትን ጥቁር ላስቲክ አውጥቼ ሰጠኋት። ገለበጠችው፣ ወደ መስኮቱ አድርጋ አየችው። ምንም አይታይም።

«ላሚኔት አስደርጌው ነው» አልኩ።

አልሳቀችም። «ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ አባቴ። በወቅቱ ምን ተባላችሁ? ሽቦው ተዘግቷል ተብሎ ነበር?»

«አዎ» አለች ባለቤቴ ቀድማኝ። «ድሮም እንዲሁ ነው የተባልኩት።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «ምን? ሽቦው ደህና ነው ነው ያለው! እዚያው ነበርኩ!»

«አንተ ምን ሰማህ? አንተ ከልጅቱ ጋር ስትጣላ ነበር።»

«እሱ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው!»

«እሺ፣ ተረጋጉ» አለች ሐኪሟ። «እናቴ፣ ራስዎን ስተው ያውቃሉ?»

«የለም።»

«ትናንት ወድቃለች!» አልኩ። «በፍልሰታም ወድቃለች!»

«እግሬን አዳልጦኝ ነው።»

«አላዳለጣትም!»

«የማን እግር ነው? ያንተ ነው የኔ?»

ያን ጥቁር ወረቀት እንደዚያን ቀን የጠላሁት ጊዜ የለም። ምንም ስለማይታይበት እሷ የፈለገችውን ሆኖ አረፈው። እኔ የማውቀውን የሚያስረዳልኝ ነገር የለኝም። በሐኪሟ ፊት ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ሕፃን ስንጨቃጨቅ ቆየን።

ሐኪሟ ቆጣ አለች። «ስሙኝ። የድሮውን ማየት ካልቻልኩ አዲስ ነው ብዬ ነው የምይዘው። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ያለው ሰው ራሱን ከሳተ ቤቱ አይላክም፣ ሽቦው በማንኛውም ሰዓት ጨርሶ ሊቋረጥ ይችላል። ዛሬ አንድ አልጋ አለኝ። ይተኙና ማሽን ላይ ሆነው እንከታተልዎት። ኢኮ ይነሳሉ፣ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው። ምቱን የሚያግዝ ባትሪ የሚያስፈልግ ከሆነ ይገባልዎታል፣ የበሩም ነገር ከዚያ ይታያል።»

«ሰኞ እመጣለሁ» አለች ባለቤቴ።

«ለምን ሰኞ?»

«እሑድ ማኅበር አለብኝ። ጽዋው ቤቴ ነው ያለው።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እናቴ፣ የኔም እናት ማኅበርተኛ ናት። ለታመመ ሰው ማኅበሩ ይራራል።»

«እናትሽ ተሸክማ የገባችውን ጽዋ ሳታወጣ ሆስፒታል ተኝታ ታውቃለች?»

ይሄ ጽዋ የሚሉት የማርያም ማኅበር ዕቃ ነው፣ በጨርቅ የተሸፈነ። ተረኛ የሆነች ሴት ከማኅበርተኞቹ ፊት ተቀብላ፣ እልል ተብሎላት፣ ወደ ቤቷ ታስገባዋለች። በሚቀጥለው ወር ሁሉንም ጠርታ ታበላለች፣ ታጠጣለች፣ ለቀጣይዋ ተረኛ ታስረክባለች። ሳያበሉ መመለስ ነውር ነው። ባለቤቴ ከእነሱ ጋር ጽዋ ስትጠጣ የኖረችው ጀሞ ሳንገባ፣ ነፋስ ስልክ በቀበሌ ቤት ስንኖር ጀምሮ ነው። ጠላውንም ጠንስሳዋለች።

አልተኛም ማለቷን በፊርማ አረጋግጪ ተባለች። ስሟን አሳምራ ጻፈችና ፈረመች። እኔንም ምስክር ሁን አሉኝ። አልፈርምም አልኩ። ለመኑኝ። አልፈረምኩም።

ስንወጣ ሐኪሟ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «አባቴ፣ ዝም ብለው እንዳይቀመጡ። አልጋውን እስከቻልኩ እይዘዋለሁ» አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ነፋስ ስልክ ወረድኩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃቸው፣ እዚያ ነው የምትኖረው፤ ከኛ ጠና ያለች ሴት ናት። ታክሲው ውስጥ ረዳቱ «ፋዘር፣ ጠጋ በላ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አስፍተህ ይዘሃል» ሲለኝ ሰደብኩት። ምን ብዬ እንደሰደብኩት አላስታውስም፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ለሙሴዋ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ሽቦው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለ መውደቋ። እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማችኝ።

«ምን ነካችሁ? ጽዋ ከሰው ነፍስ ይበልጣል? እኔ ቤት ይሁን። ዛሬውኑ ይዘህልኝ ና፣ እሷንም ሐኪም ቤት አስገባት» አለች።

ደስ አለኝ። በሕይወቴ ደረጃ እንደዚያን ቀን ፈጥኜ ወጥቼ አላውቅም። ቤት ስገባ ባለቤቴ ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ማለት እሷ ቢላዋ ይዛ ተቀምጣ ታዛለች።

«በቃ፣ አልቋል» አልኩ። «ሙሴዋ እኔ ቤት ይሁን ብላለች። ተነሽ፣ ልብስሽን ልበሺ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ስልኳን አንስታ ደወለችላት።

«እትዬ፣ እንደምን አደርሽ... እሱ? ተይው እባክሽ፣ ሽማግሌው ፈርቶ ነው። ጉንፋን የያዘው ቀን ኑዛዜ የሚያስጽፍ ሰው እንደሆነ ታውቂው የለ! እኔ ምን እሆናለሁ? ጠላውን ብትቀምሺው... አዎ፣ አዎ፣ እሑድ ነው። ቶሎ ኑ።»

ከስልኩ ውስጥ ሙሴዋ ስትስቅ ይሰማኛል። ጎረቤቶቹም ወደ ሽንኩርቱ አቀርቅረው ይስቃሉ። «ስልኩን ስጪኝ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ዘጋችው።

ጎረቤቶቹ ሲወጡ ከፊቷ ተቀመጥኩ። «ለምንድነው የዋሸሽው?» አልኳት።

«እዚያ ከገባሁ አልመለስም» አለች። «ወረቀቱን ማንበብ አልችልም፣ የሐኪሟን ፊት ግን አይቼዋለሁ። አልጋ ላይ አስተኝተውኝ፣ ደረቴን ከፍተውኝ፣ ይሄ ዕቃ እዚህ መደርደሪያ ላይ ተረስቶ... አልፈልግም። ሰው ቤቴ ገብቶ ይብላና ከዚያ ይውሰዱኝ።»

«እኔስ?»

«አንተ ምን?»

«ድርቅ ያልሽ ሴት ነሽ» አልኳት።

«ካንተ ጋር እየኖርኩ ምን ልሁን?»

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችን ጋ ደወልኩ። እነሱም ደውለው ለመኗት፣ «እሺ እሺ፣ ሰኞ» እያለች አሰናበተቻቸው። ተሸክሜ እንዳላወርዳት አቅም የለኝም። ሰው ጠርቼ በግድ እንዳላስወርዳት ደግሞ ጭንቀቱ ራሱ ይገድላታል ብዬ ፈራሁ።

እሑድ ማኅበርተኞቹ መጡ። እያለከለኩ፣ ወገባቸውን ይዘው ነው የገቡት። አንዷ ደፉ ላይ ቆማ፣ «እንዴት ነው ነገሩ፣ መንግሥተ ሰማያት እዚህ ነው እንዴ ያለው?» አለች፣ ሁሉም ሳቁ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ባረኩ። ተበላ፣ ተጠጣ። ጠላው ጥሩ ወጥቶ ነበር፣ ይሄን መካድ አልችልም። ባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ብሉ እንጂ፣ ምነው አልበላችሁም፣ ለእሷ ጨምሩላት» ትላለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር። ሙሴዋ አየቻትና ወደ እኔ ዞረች። ያኔ ገባት። እኔ ዓይኔን መለስኩ።

ጽዋውን ራሷ ብድግ ብላ አስረከበች። ቁጭ በይ ብላት አልሰማችኝም። እልል ሲባል ጠረጴዛውን ጨብጣ ቆመች፤ ሴቶቹ ወጥተው እስኪያልቁ አልተቀመጠችም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ለብሳ ጠበቀችኝ። ሆስፒታል ስንደርስ አልጋው የለም። «ቅዳሜ ሌላ በሽተኛ በጠና ታሞ መጣ» አለችኝ ሐኪሟ። አልተቆጣችም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ስትሬቸር ተገኝቶላት እዚያ ጋደም አለች። ኢሲጂ እንደገና ተነሳ። ሐኪሟ ወረቀቱን ቆማ አየችውና ወዲያው ሌላ ሐኪም ጠራች። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ።

«ንገሪኝ» አልኳት። «እኔ እችለዋለሁ።»

«ሽቦው ተቋርጧል፣ አባቴ። የላይኛው ክፍል የሚልከው ወደ ታች አይደርስም። የታችኛው በራሱ ነው የሚመታው፣ በጣም በዝግታ። ባትሪው ያስፈልጋታል። እያፈላለግን ነው።»

መድኃኒት ሰጧት፣ ኦክስጅን አደረጉላት። እግሯ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ጥርቅ ይላል፣ ይቆያል፣ ደግሞ ጥርቅ ይላል። በመሃሉ ያለው ዝምታ ረጅም ነው። ሲረዝምብኝ ብድግ እላለሁ፣ እንደገና ጥርቅ ሲል እቀመጣለሁ። ቀኑም ሌሊቱም እንዲሁ አለፈ።

ማክሰኞ ጠዋት ትንሽ ነቃ አለች። «ጋኑን ማን አጠበው?» አለችኝ።

«ማንም አላጠበውም።»

«ይሸታል እኮ። ወደ ቤት ሂድና እጠበው።»

«አልሄድም።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ እሺ በል።»

«አልሄድም አልኩሽ።»

እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣችና ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ቀትር ሳይሆን ባትሪው ተገኘ ተባለና ስትሬቸሩን መግፋት ጀመሩ። እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ኮሪደሩን ሳይጨርሱ ማሽኑ ዝም አለ። አንዱ ሐኪም ላይዋ ወጥቶ ደረቷን እየገፋ፣ ስትሬቸሩን እየሮጡ አስገቡት። እኔን ውጭ አስቀሩኝ።

ሐኪሟ ራሷ ወጥታ ነገረችኝ። አጠገቤ ተቀመጠች። ስታለቅስ ቆይታ ፊቷን ታጥባ እንደመጣች ያስታውቃል። «የሚጠይቁኝ ነገር አለ?» አለችኝ።

«ያ ወረቀት ባይጠቁር ኖሮስ?» አልኳት።

«ሐሙስ እኮ አዲስ ነው ብዬ ነው የያዝኩት። ወረቀቱ ቢኖርም ከዚያ የተለየ ነገር አላደርግም ነበር።»

«እሷ ግን ድሮም ነበር ማለት አትችልም ነበር።»

ማዳመጫዋን ከአንገቷ አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ሐሙስ ተኝታ ቢሆንስ?»

«አላውቅም፣ አባቴ» አለች። «ባትሪው ይገባላት ነበር። ከዚያ በኋላ በሩም መቀየር ነበረበት፣ እሱ ደግሞ ረጅም ወረፋ ነው። ትተርፍ ነበር ብዬ ልዋሽዎት አልፈልግም። አትተርፍም ነበርም አልልዎትም።»

ብዙ ሰው ከዚያ ወዲህ ቀኗ ነው፣ የተጻፈላት ነው ብሎኛል። እኔ ከሁሉም የያዝኩት የዚያችን ሐኪም መልስ ነው። አያጽናናም።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ሙሴዋና ሌሎች ሁለት ማኅበርተኞች ቤቴ መጡ። ሙሴዋ ገና ሳትቀመጥ ማልቀስ ጀመረች። «ዓርብ ያልከኝን ሰምቼ ቢሆን...» አለች።

«አንቺ ምን ታደርጊ» አልኳት። «እሷን ማን አሸንፏት ያውቃል።»

የመጡበትን ነገር ኋላ ነው ያወጡት። ማኅበርተኛ ሲሞት ልጁ ወይም የትዳር ጓደኛው በቦታው ይገባል፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። ልጆቹ ሩቅ ናቸው። እኔ እንድገባላት ፈለጉ። ድግሱን እኛ እናግዝሃለን አሉኝ።

«አልገባም» አልኩ።

«አስበህበት ትነግረናለህ።»

«አስቤዋለሁ። ያ ዕቃ እዚህ ቤት አይገባም።»

ሦስቱም ተያዩ። አንደኛዋ፣ እሑድ ዕለት ስለ መንግሥተ ሰማያት የቀለደችው፣ ቀስ ብላ «ቦታዋ እኮ ሊዘጋ ነው። ከነፋስ ስልክ ጀምሮ የነበረ ቦታ» አለችኝ።

«ይዘጋ።»

ተቆጥተው አልሄዱም። ያፈላሁላቸውን ሻይ ጠጡ፣ ጤንነቴን ጠየቁ፣ ሙሴዋ ጉንጬን ሳመችኝ። ደረጃውን ሲወርዱ ድምፃቸው እስከ ታች ይሰማኝ ነበር። ስለ እኔ ነበር የሚያወሩት።